ማንም ያላየው ምት

ጋሽ ቀስ ኳስ ሳይሰጠን ሁለት ወር ሙሉ ጎልፍ አስተማረን። ቅዳሜ ጠዋት፣ ጤዛው ገና ከሣሩ ላይ ሳይነሳ፣ አሥራ አራት ልጆች በአንድ መስመር ተሰልፈን ባዶ ሜዳ ላይ ዱላ እናወዛውዛለን። ከሩቅ ላየን ሰው የማይታይ ውሻ የምናባርር እንመስል ነበር። እሱ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከጀርባችን ያልፋል።

«ቀስ በይ እንጂ፤ ማን ያባርርሻል? ሣሩን ዳበስ አድርገሽው እለፊ፤ ምን አደረገሽና ትገርፊዋለሽ?»

የራሱ ስም ነበረው፤ ከእኛ መካከል ግን በስሙ የጠራው አልነበረም።

ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። እናቴ የጎልፍ ክበቡ ፎጣ አጣቢ ነበረች። ከአባላቱ መታጠቢያ ጀርባ «ፎጣ ቤት» የሚባል ረጅም ክፍል አለ፤ ግድግዳው ሁልጊዜ ያልበዋል፣ ማጠቢያ ማሽኑ ሲዞር ወለሉ ከእግር በታች ይንቀጠቀጣል። ከዚያ አለፍ ሲሉ የሠራተኞች መኖሪያ ነው፤ ሦስተኛው በር የእኛ። አባቴን አላውቀውም። ስለ እሱ ስጠይቃት እናቴ «ሄዷል» ትለኛለች፤ ወዴት እንደሄደ ስጠይቃት ደግሞ «ጫማሽን አውልቂ፣ ወለሉን አሁን ነው ያጠብኩት» ትለኛለች።

የቅዳሜው ትምህርት መጀመሪያ ለአባላት ልጆች ብቻ ነበር። እኛን የሠራተኛ ልጆቹን ያስገባን ጋሽ ቀስ ነው። ለዚህ ሲል የሥራ አስኪያጁን በር ስንት ጊዜ እንዳንኳኳ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ በሩ ለማንም ልጅ የሚከፈት፣ እሱም ሁልጊዜ እዚያው ቆሞ የሚጠብቀን ይመስለኝ ነበር።

የዱላ አያያዝ ሲያሳየኝ አጎንብሶ ጣቶቼን አንድ በአንድ አስተካከለና፣ «እርጥብ ሳሙና ይዘሻል እንበል» አለኝ። «ብታላሊው ይወድቃል። ብታጠብቂውስ?»

«ይሾልካል።»

«በይ እንደዚያ ያዢው።»

ከጎኔ የቆመው የጥርስ ሐኪሙ ልጅ፣ እኛ «ጥርሴ» የምንለው፣ ግራ ገባው። «ጋሼ፣ ሳሙና እንዴት ነው የሚሾልከው?»

«ሲታጠቡበት ነዋ!» አልኩት። ሰልፉ ሁሉ ተንከተከተ፤ ጥርሴም አብሮን ሳቀ። ደግ ልጅ ነበር፤ በኋላ የሆነውን ሳስብ ደግነቱ ራሱ ያሳፍረኛል።

አንድ ቀን «ዳኛው የት ነው የሚቆመው?» ብሎ የጠየቀውም እሱ ነው። ጋሽ ቀስ ጣቱን የልጁ ደረት ላይ አሳረፈ።

«እዚህ። በዚህ ጨዋታ ፊሽካ ይዞ የሚከተልህ ሰው የለም። ያጠፋኸውን አንተው ትናገራለህ፣ አንድ ምት ትቀጣለህ፣ ትቀጥላለህ። በቃ።»

ይህን ለማስለመድ አንድ ዘዴ ነበረው። ትምህርቱ ሲያልቅ የዱላ መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ያስቀምጠንና በየተራ «ማንም ያላየው ምት» እንድንናገር ያደርገናል። አንዱ ስቶ አየር የመታውን እንዳልቆጠረ ይናገራል፣ ሌላዋ ኳሷን በጫማዋ ገፋ እንዳደረገች። የተናገረውን ሁሉ ጋሽ ቀስ በስሙ ጠርቶ «ጎበዝ» ይለዋል። እኔ ይህችን «ጎበዝ» በጣም ወደድኳት። ከእናቴ ሌላ በስሜ ጠርቶ የሚያወድሰኝ ሰው አልነበረኝም። ስለዚህ ጥፋት ሲያልቅብኝ መፍጠር ጀመርኩ። አንድ ሳምንት ሁለት፣ ሌላ ሳምንት ሦስት። አራተኛው ሳምንት ላይ አምስተኛውን ጥፋቴን ስጀምር እጁን አነሳ።

«የኔ ልጅ፣ ያላደረግሽውን አትጨምሪ። ያደረግሽው ይበቃሻል።»

እንዴት እንዳወቀ ለቀናት አሰብኩ። ዛሬ እኔም ልጅ አለችኝ፤ አሁን አይገርመኝም። ያጠፋ ልጅ መሬት መሬት ያያል፤ እኔ እሱን እሱን ነበር የማየው።

በዚያው ዓመት የልጆች ውድድር እንደሚደረግ ተነገረን። ያሸነፈውን ልጅ ከከተማው ራቅ ብሎ ያለ፣ የራሱ የጎልፍ ሜዳ ያለው አዳሪ ትምህርት ቤት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በነፃ ያስተምረዋል። አንድ ቦታ ብቻ። እናቴ ይህን የሰማች ዕለት ፎጣ ስታጥፍ ስድስቱን አገላብጣ አጠፈች። እኛ ሰፈር ከስምንተኛ ክፍል በኋላ የሚማሩበት ቤት አልነበረም፤ የቀደሙኝ ሴቶች ልጆች ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ክበቡ ወጥ ቤት ወይም ወደ ፎጣ ቤቱ ሲገቡ አይቻለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ እንቅልፍ አጣች። «ቢዘንብስ?» ትላለች። «ቢያምሽስ? ዱላው ቢሰበርስ?» እኔ እስቅባት ነበር። አሁን ስልኬ ከልጄ ትምህርት ቤት ሲጠራ፣ «ሃሎ» ሳልል ልጄ ከደረጃ ወድቃ፣ ግንባሯ ተሰፍቶ፣ እኔ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተቀምጬ አየዋለሁ። የሚደውሉት የምሳ ዕቃዋን ስለረሳች ነው። ያኔ ግን እንዲህ አልነበርኩም፤ ካየሁት ነገር ሁሉ ደግ ደጉን ነበር የማስበው። ጥፋቴም የጀመረው ከዚያ ነው።

ለምሳሌ ጋሽ ቀስ እናቴን የሚያገባት ይመስለኝ ነበር። ማስረጃ ነበረኝ። ሚስት የለውም። ፎጣ ለመውሰድ ሌላ ሰው አይልክም። እናቴ ሲመጣ ሻሿን ታስተካክላለች። አንድ ጊዜ ደግሞ የማሽኑን ጎማ ጠግኖላት ስትስቅ ሰምቻታለሁ፤ እናቴ በሥራ ሰዓት የምትስቅ ሴት አልነበረችም።

ከውድድሩ በፊት ያለው ዓርብ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ ፎጣ ቤቱ በር ላይ አብረው ቆመው አገኘኋቸው። ማሽኑ እየዞረ ነው፤ የሚሰማኝ የንግግራቸው ቁርጥራጭ ብቻ ነበር። ከተቆለለው ቅርጫት ጀርባ ተለጠፍኩ። እናቴ ክንዱን በሁለት እጇ ይዛለች፤ ጣቶቿ ከውሃ ብዛት ተጨማደዋል። ታለቅሳለች።

«...እኔና ልጄ ሌላ ሰው የለንም... እባክህ ወንድሜ፣ ለእኔ ስትል...»

እሱ ክንዱን አልነጠቃትም። ግን ራሱን ነቀነቀ። ማሽኑ ሲቆም ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ።

«እኔ ይህን አልችልም፣ እህቴ። ሌላ ነገር ጠይቂኝ። ይህን አትጠይቂኝ።»

እናቴ ክንዱን ለቀቀች። እኔ ቅርጫቱን ይዤ ቁጭ አልኩ። ገባኝ፤ ማለቴ የገባኝ መሰለኝ። እናቴ አግባኝ ብላ ለምናው እንቢ አላት። ፊቴ ጋለ። ያ ሁሉ «ጎበዝ»፣ ያ ሁሉ «የኔ ልጅ» ውሸት ነበር ማለት ነው። እናቴን ያልፈለገ እኔን ምን ሊያደርገኝ!

በማግስቱ ጥርሴና እኔ የመጨረሻው ጥንድ ሆነን ወጣን። ምታችን የሚጻፍበትን ካርድ እንዲይዝ የተመደበው የክበቡ አባል ስለቀረ ጋሽ ቀስ ራሱ ያዘ። አንድ ጊዜም ፊቱን አላየሁትም። «ቀስ» ሲለኝ ይበልጥ አጣድፈው ነበር፤ የሚገርመው ንዴቱ ጠቀመኝና ኳሷ እንደተላከች ትሄድ ጀመር። ከዘጠኙ ጉድጓዶች ሰባተኛው ላይ ስንደርስ ጥርሴን በአንድ ምት እመራው ነበር፤ በጎልፍ የሚያሸንፈው ጥቂት ምት የመታ ነው።

እዚያ ኳሴ ከቁጥቋጦው አጠገብ ረጅሙ ሣር ውስጥ ገባች። ሣሩ ጉልበቴ ይደርሳል፤ ይሞቃል፤ ፌንጣ ይጮህበታል። ዱላዬን ከኳሷ ኋላ ሳስቀምጥ ሣሩን ተጫንኩት። ኳሷ ዞረች። አንድ ጣት ያህል ወደ ታች ወርዳ ቆመች። ይኸው ነው። ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ኳሷ ላይ የተጻፈችው ጥቁር ቁጥር ከላይ ወደ ጎን ስትዞር አያታለሁ።

ጋሽ ቀስ ከኋላዬ አሥር እርምጃ ላይ አጎንብሶ ቆሟል።

«ተንቀሳቀሰች?» አለኝ።

ድምፁ የዘወትር ድምፁ ነው። ያስተማረን ይኸው ነበር፤ «አዎ» ማለት፣ አንድ ምት መቀጣት፣ መቀጠል። ከጥርሴ ጋር እኩል እንሆን ነበር፤ እኩል ከጨረስንም አንድ ጉድጓድ እንጨምር ነበር። ላሸንፈው እችል ነበር። እኔ ግን ያሰብኩት እናቴን ነው፤ አሁን ደግሞ ይህችንም ዕድል ሊነጥቀን ነው ብዬ አሰብኩ።

«አልተንቀሳቀሰችም» አልኩት። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አየሁት።

ጉድጓዱ ጋ ደርሰን ካርዱን ሲጽፍ እርሳሱን አንስቶ ያዘ። «እዚያ ሣሩ ውስጥ የምትነግሪኝ ነገር አለ?»

«የለም።»

ከመጨረሻው፣ ከዘጠነኛው ጉድጓድ በኋላ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ጥርሴ ካርዱን ፈርሞ ሄዶ ሁለታችን ብቻ ስንቀር ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀኝ። በዚህኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፤ የሚለምን ይመስል ነበር። ከውጭ ሰዎች ያወራሉ፣ ብርጭቆ ይንኳኳል። እኔ የጠረጴዛውን ጭረት እያየሁ የለም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ጋሽ ቀስ እስክሪብቶውን አነሳና ፈረመ።

አላየም ብዬ ደስ አለኝ። ጉንዳን ሲሄድ አያለሁ የሚል ሰው አሥር እርምጃ ላይ ያለችውን ኳስ አላየም! ስሜ ሲጠራ እናቴ ሽርጧን ሳታወልቅ ሮጣ መጥታ አቀፈችኝ፤ አንገቷ በረኪና ይሸት ነበር።

በሚቀጥለው ረቡዕ እናቴ የታጠፉ ፎጣዎች አስይዛ ወደ ቢሮው ላከችኝ። መስኮቱ ክፍት ነው። ሥራ አስኪያጁና የጥርሴ አባት ይነጋገራሉ።

«...ዝርዝሩ ለትምህርት ቤቱ ሄዷል እኮ፣ ዶክተር። ካሁን በኋላ ብንመልሰው የምንዋረደው እኛ ነን።»

«እኔ ልጅቷን አላልኩም። ልጅቷ ምን ታውቃለች? ሰውየው ግን ሲጠየቅ ራሱ አምኗል። ለምን አደረግኸው ሲባል ግድግዳ ሆነ!»

«ምኑን ይናገራል? ለእናትየው ብሎ ነዋ! ፎጣ ቤቱ በር ላይ ቆመው ሰው ሁሉ አይቷቸዋል።»

ከዚያ ሁሉ ወሬ እኔ ያነሳሁት አንዱን ብቻ ነው። ለእናትየው ብሎ። ምን እንዳደረገ አልጠየቅሁም፤ አምኗል አሉ፣ ሰውም አይቷል። ፎጣውን መስኮቱ ሥር ጣልኩና በሩጫ ተመለስኩ።

«እማዬ! ጋሽ ቀስ ይወድሻል! ቢሮ ውስጥ ሲያወሩ ሰማኋቸው!»

እናቴ በጥፊ መታችኝ። ከዚያ በፊት መትታኝ አታውቅም። ወዲያው ደግሞ የመታችውን ጉንጬን በእርጥብ እጇ ይዛ፣ «ምን አሉ? አንቺ ልጅ፣ ምን አሉ?» አለችኝ። የሰማሁትን በሙሉ ደገምኩላት። ቀስ ብላ የማሽኑ ክዳን ላይ ተቀመጠች፤ ሰማያዊ መብራቱ እየበራ ቢጠራትም አልተነሳችም።

ዓርብ ዕለት ጋሽ ቀስ የዱላ ቦርሳውንና ሁለት ካርቶን ጫማ የአንድ ፒክአፕ ጭነት ላይ ሲያስቀምጥ አየሁት። ሮጥኩ። ደግ ደጉን ማሰቤ ተመልሶብኝ ነበር፤ ቤት ሊያይልን የሚሄድ መሰለኝ።

«ጋሼ፣ አሁን እሺ አልካት አይደል?»

እጁ ካርቶኑ ላይ ቀረ። «ማንን?»

«እማዬን። ያለፈው ዓርብ ስትለምንህ ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ እንቢ አልካት። አሁን ግን እሺ ብለሃል፤ ሰዎቹም ለእሷ ብሎ ነው አሉ።»

እንዲህ ያለ ፊት ከዚያ በኋላ አላየሁም። ወደ ፎጣ ቤቱ አየ፤ በሩ ዝግ ነው። ከዚያ ቁመቴ ድረስ ዝቅ አለ።

«ስሚኝ። እሺ አላልኳትም። ያደረግሁት ለእሷ ብዬ አይደለም። ይህን ንገሪያት። በእሷ ምክንያት አይደለም ብሏል በያት። ትነግሪያታለሽ?»

«እነግራታለሁ» አልኩት።

ሌላ የሚጠብቀው ነገር እንዳለ ሁሉ ትንሽ ቆየ። ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ።

አልነገርኳትም። እንዴት ብዬ? ሰው እንደማይፈልጋት ለገዛ እናቴ ልንገራት? ይህን ብትሰማ ትሞታለች ብዬ ዋጥኩት። አሥራ አንድ ዓመት ላለው ሰው ትልቅ ሥራ የሠራሁ መሰለኝ።

የቅዳሜው ትምህርት ቆመ። ከወራት በኋላ ሲጀመር አዲስ አስተማሪ መጣ፤ የሠራተኛ ልጆችም ከአጥሩ ውጭ ቀሩ። እኔ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩት፣ አሁን የአውቶቡስ ጣቢያ ትኬት ቢሮ ተቀምጬ የምሠራው፣ በዚያች ባልተቆጠረች ምት ነው። ሁለተኛው ዓመት ላይ ለእረፍት ስመጣ የክበቡ ሣር ቆራጭ የማጨጃ ማሽኑን መሪ እንደያዘ፣ «አይቶሽ ነበር እኮ» አለኝ። «ከእናትሽ ጋር ታይቷል ተብሎ ሥራ አስኪያጁ ሲጠይቀው፣ ኳሷ ስትዞር አይቻለሁ፣ አይቼም ፈርሜያለሁ አለ። ሌላ ቃል አልተነፈሰም። ወይ ሰው!» ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ ወደ ኋላ አንድ በአንድ የገባኝ። ሦስት ጊዜ የጠየቀኝ ሊቀማኝ አልነበረም፤ በሩን ሦስት ጊዜ ከፍቶልኝ ነው። ለምን እንደፈረመ ግን እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አላውቅም። ምናልባት ሰው ፊት ልጅን «ዋሽተሻል» ማለት አቅቶት ይሆናል። ፈልጌው ነበር፤ ዘግይቼ። በእውነተኛ ስሙ የሚያውቀው ሰው አላገኘሁም፤ በቅጽል ስሙ ደግሞ ምን ብዬ ልጠይቅ?

ባለፈው እሑድ ከምሳ በኋላ ልጄ አያቷን ስትነዘንዝ ሰማሁ። አሥር ዓመቷ ነው፤ ነገር አትለቅም።

«አያቴ፣ እማዬ ጎልፍ አሸንፋ ለምን ተወችው?»

«በእኔ ምክንያት ነው» አለች እናቴ፣ ልክ ሰዓት እንደምትናገር። «አንድ ጥሩ ሰው ነበር። ውድድሩ ሊደርስ ሲል ለልጄ አንድ ሁለት ምት ቀንስላት ብዬ ለመንኩት። እንቢ አለኝ። በማግስቱ ግን አደረገው። እንጀራው ተበላሸ። እናትሽ ከዚያ በኋላ ዱላ አልነካችም፤ አዝናብኝ ይሆናል።»

ሳህን እያጠብኩ ነበር። ውሃውን ዘጋሁት። ሠላሳ ዓመት! እናቴ ይህን ለሠላሳ ዓመት ተሸክማ፣ እኔ ከጎኗ እየበላሁ እየጠጣሁ። ልጄን ወደ ጓዳ ላክኋትና ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ኳሷን፣ ሦስቱን ጥያቄ፣ ፒክአፑን፣ የተላከላትን ቃል። እጄ ገና አልደረቀም ነበር፤ ልቤ ግን እየቀለለኝ መጣ፤ አሁን ትስቃለች፣ ወይም ትቆጣኛለች፣ ከዚያ ጫናው ይወርድላታል ብዬ ጠበቅሁ። ለአንድ ጊዜ እንኳ ክፉ ሳላስብ።

«እሺ ብሎ ያገባሻል ብዬ ነበር እኮ፣ እማዬ» አልኳት ለመሳቅ ያህል።

አልሳቀችም።

«እንደዚያ አለሽ? ለእሷ ብዬ አይደለም አለሽ?»

«በእሷ ምክንያት አይደለም በያት አለኝ። ሊያሳርፍሽ ብሎ ነው።»

«ገባኝ።» የጠረጴዛውን ልብስ በመዳፏ አለሰለሰችው፤ አንዴ፣ ሁለቴ። «እኔ እኮ...» አለችና ተወችው። ለእኔ ሳይሆን ለራሷ በሚመስል ድምፅ፣ «አንድ ሰው ለእኔ ብሎ እንጀራውን ትቶ ነበር እል ነበር» አለች። «ኃጢአት ነው እያልኩም ቢሆን... እል ነበር።»

እናቴ ተነስታ ነጠላዋን ከወንበሩ አነሳች። ገና ስምንት ሰዓት ነው፤ እሑድ እሑድ ሳይመሽ ሄዳ አታውቅም። ልሸኝሽ ስላት በእጇ አስቆመችኝና ልጄን ጠራቻት።

«ነይ አንቺ፣ እስከ ታክሲው ድረስ ሸኚኝ።»

መስኮቱ ጋ ቆሜ አየኋቸው። ልጄ እጇን ይዛት ታወራለች፣ ትዘላለች። እናቴ መንገዱን ሳታይ ነበር የምትሄደው፤ የአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ያቆመቻት ልጄ ነች።